ቀጭን ትእዛዝ

ዉች ማለት በቋንቋቸው ጀልባ ማለት ነው አሉኝ፤
ወንዙን ግን ከአስፋልቱ ሥር ቀብረውት አንድም ቀን አላሳዩኝ።
በጥር ብርድ፣ ከድሮው የፈትል ፋብሪካ ምድር ቤት፣
ሃያ ሦስት ሣጥን ተራግፎ ጠበቀኝ፤ የባንክ ውራጅ ንብረት።

መጽሐፍ ታህላለች አንዷ። ዲስክ የላት፣ ማራገቢያ የላት፣
ትናንትን የምታኖርበት ጓዳ የላት፤
ያላት አንዲት አረንጓዴ መብራት።
በሙያው ቋንቋ "ቀጭን" ናት። እኔ ቀጭን ጌታ ብያታለሁ፦
ሥራውን ለሎሌ ሰጥቶ መስኮት ዳር የሚቀመጥ፣
እጁ የማይቆሽሽ፣ ፊቱ የማይለወጥ።
ሎሌው ፎቅ ላይ ነው፤ ሰርቨር፤ ሌት ተቀን ያጓራል፤
ስሙ አገልጋይ ይሁን እንጂ
የጓዳው ቁልፍ ሁሉ እሱ ወገብ ላይ ያድራል።

ፍላሹን ሰካሁ። ስክሪኑ ጠቆረ፤
ነጩ ፊደል እንደ ካፊያ ዘንቦ ዘንቦ አባራ፣
ጠቋሚው ብቻ ብልጭ እያለ ቀረ።

ከዚያ መንቀስ ያዝኩ።
ጨዋታውን አወጣሁ። የአየር ትንበያውን፤ መስኮት መቼ ጠፋ?
ብሉቱዙን፤ የግድግዳ ሥዕሉን፣ ያን የማንም ያልሆነ የባሕር ዳርቻ፤
ሰዓቱን፤ የፊደል ቅርጹን ሁሉ፣ ሲቀር አንዱ ብቻ።
ድምፁንም።
"ጸጥታ!" ተብሎ ግድግዳው ላይ በተጻፈበት ቤት
ድምፅ ምን ሊሠራ?
አራት መቶ ሜጋባይት የነበረው ዘጠና ስድስት ገባ፤
አጓቱ እንደወጣለት አይብ ጠጠር አለ።
ቁልፉን ስጫነው በአስራ አንድ ሴኮንድ ይነሣል፤
ቆጥሬዋለሁ፤ ደግሜ ቆጥሬዋለሁ፤
ሰው በገዛ ሥራው ይሰክራል።

ወይዘሮ ቦጉስዋቫ ወረደች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ሻይዋን በግራ እጇ አንጠልጥላ፤
አየች፣ አየችና ቀጭን ትእዛዟን አወረደችው፦
"ሰዓቱ የት ሄደ? ሰው ባቡር አለበት፤ መልሽው።
ወገቧ ላይ ሰረዝ ያላት ኤልስ? እሷ ከሌለች
ከተማችን የገዛ ስሟን መጻፍ አትችልም።
ለካርኪቭ እናቶችም የነሱን ኪቦርድ ጨምሪበት።"
አንጀቴ እያረረ ጨመርኩ። መቶ ሁለት።

"ድምፁስ?" አላለችም። እኔም አላልኩም።

ሰኞ፣ በሩ በተከፈተ በአስረኛው ደቂቃ፣ አቶ ኢግናጺ ገባ፤
እዚሁ ሕንጻ ውስጥ፣ ፋብሪካ ሳለ፣ ክር ያቀልም የነበረ፤
ዓይኑ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ።
ማዳመጫውን ከፌስታል አወጣ፣ የተተበተበውን ሽቦ በጣቱ ፈታ፣
ቀዳዳዋን ዳብሶ አገኛት፤ ሰካ፤ ተቀመጠ።
ቀዳዳዋ አለች።
ከኋላዋ ያለውን ቤት ግን አፍርሼዋለሁ።
ሦስት ደቂቃ። አራት። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣
ሰው ቤት ሄዶ ባለቤቱን እንደሚጠብቅ እንግዳ።
ከዚያ በትሕትና፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ፣
"ይቺኛዋ ሞታለች መሰለኝ" አለ፤
ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ወንበር እየዳበሰ አለፈ።
ሃያ ሦስቱም በርተዋል።
ሃያ ሦስቱም ሞተዋል።

የዚያን ሌሊት የነቀስኩትን ስተክል አደርኩ፤
ድራይቨሩን፣ ጽሑፍ የምታነበውን ሴትዮ፣
በአፍንጫዋ የምትናገረውን፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ የምትሰናከለውን።
መቶ ሰማንያ ሜጋባይት። አስራ ዘጠኝ ሴኮንድ።
አንድ ጊዜ ሠርቼ ፎቅ ላይ አኖርኩት፤
ሲነጋ ሃያ ሦስቱ ከወለሉ ሥር ከተቀበረው ኬብል
እየጠጡ ተነሡ፤
ያላሳዩኝ ወንዝ ትዝ አለኝ።

ማክሰኞ መጣ። ሰካ። ራሱን ዘንበል አደረገ።
"ሰዓት፣ ዘጠኝ ከአርባ አንድ" ስትለው
በማዳመጫው ጠርዝ ሾልኮ እኔም ሰማኋት።
አጠገቡ የቆምኩት ምስጋና ጠብቄ ነው፤ ምን ያስዋሸኛል።
"ትቸኩላለች" አለኝ። "ቀንሺላት።"

ቀነስኩ።